ክኒኑ ከእንጀራው ጋር ነው

የኩላሊት እጥበት በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ሌሊት ሌሊት ሰውነቴን ያሳክከኝ ጀመር። ሽፍታ የለ፣ ቁስል የለ፤ ጀርባዬ ላይ እጄ አልደርስ ሲለኝ በማበጠሪያ አክ ነበር። እናቴ ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ እያየች ቅባት ትገዛልኛለች። የወሩ የደም ምርመራ ሲመጣ ግን ነገሩ የቆዳ አልነበረም። ከምግብ የሚገባውና ጤነኛ ኩላሊት የሚያስወጣው ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን ደሜ ውስጥ ተጠራቅሞ በዴሲሊትር 8.1 ሚሊግራም ደርሷል፤ የሚያሳክከኝም እሱ ነበር። ሐኪሜ የምትፈልገው ከ5.5 በታች እንዲሆን ነበር።

የከነከነኝ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳን ሳላቋርጥ ስወስድ መክረሜ ነው። ፎስፈረሱን እንዲቀንስ የታዘዘልኝ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከረጢቱ ላይ «በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለ ምግብ ምንም አይልም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ ከደም ግፊት ክኒኖቼ ጋር፣ ቀን ሲመቸኝ፣ ማታ ደግሞ ልተኛ ስል እውጠዋለሁ። ያኔ ዐቢይ ጾም ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። በቀን አንዴ እየበላሁ ክኒኑን ሦስት ጊዜ እወስድ ነበር ማለት ነው።

ስህተቴን ያገኘችው የእጥበት ክፍሉ ሲስተር ናት። ማሽኑ ላይ ሆኜ ውጤቴን እያየች «ስትበላ ነው ወይስ ሳትበላ የምትወስደው?» አለችኝ። ስነግራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ወንድሜ፣ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ሆድህ ውስጥ ነው። የምግቡን ፎስፈረስ እዚያው ይዞ በሰገራ ያወጣዋል። ምግብ ከሌለ የሚይዘው ነገር የለም።» በዚያ ላይ ያለ ምግብ የተዋጠው ካልሲየም ራሱ ወደ ደም ይገባል። ውጤቴን እንደገና ስናየው እውነትም ካልሲየሜም ከልኩ አልፎ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲበዙ የደም ሥርን እስከ ማጠንከር ይደርሳሉ። ያንን ስሰማ ማሳከኩን ረሳሁት።

ታዲያ ማሽኑ ለምን አያወጣውም? ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኛው ፎስፈረስ ያለው አጥንትና ሴል ውስጥ ነው፤ ወደ ደም የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ማሽኑ በአራት ሰዓት ደሙን ቢያጥበውም፣ ከወረድኩ በኋላ ከውስጥ የቀረው እየወጣ መልሶ ይሞላዋል። እኔ ደግሞ ገንዘቡ አልበቃ ብሎኝ የምታጠበው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ገበታው ላይ ያልተያዘው ፎስፈረስ እኔው ዘንድ ይቀራል።

ሐኪሜ ካልሲየሜ እስኪወርድ መጠኑን ቀነሰችው፤ ከዚያ በምግቡ ልክ አስተካከለችልኝ። ለቁርስ አንድ፣ ለምሳና ለእራት ሁለት ሁለት፤ ካልበላሁ አልወስድም፣ የረሳሁትንም በሚቀጥለው ምግብ አልደርብም። ስለ ጾሙ የነፍስ አባቴን አማከርኳቸው። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒቱ አይከለከልም» ብለው ሰዓቱን ፈቱልኝ። አሁን ክኒኑን የማኝከው ጥቂት ከጎረስኩ በኋላ ነው። ለግብዣ ስሄድ በወረቀት ጠቅልዬ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ እይዛለሁ። ጥቁሩን ለስላሳ መጠጥ ግን ጨርሶ ተውኩት። ፋብሪካ የሚጨምርበት ፎስፈረስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ስለሚገባ ክኒኑ አይችለውም።

የሰውን አወሳሰድ መቅዳትም አደጋ አለው። አጠገቤ የሚታጠቡ እናት ልጃቸው ከአሜሪካ ሰቨላመር የሚባል ሌላ ፎስፈረስ የሚይዝ ክኒን ይልክላቸዋል። እኔ ሳኝክ አይተው የራሳቸውን ሊያኝኩ ሲሉ ሲስተሯ ሮጣ አስቆመቻቸው። የእርሳቸው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ሳይሰበር ሙሉውን ነው የሚዋጠው።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። የሰፈራችን ፋርማሲስት ሌላ የምወስደውን ካልጠየቀኝ ከምሳዬ ጋር ከካልሲየሙ ደርቤ ልውጠው ነበር። ካልሲየሙ ፎስፈረሱን እንደሚይዝ ሁሉ ያንንም መድኃኒት ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ሲፕሮውን ከካልሲየሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድሜ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይቼ እንድወስድ ነገረኝ፤ ወዲያው ለሐኪሜ ደውዬ ሰዓቱን አብረን ደለደልን። ከዚያ ወዲህ ለቃር የሚሆን ሽሮፕ እንኳን ቢሆን ሳልጠይቅ አልገዛም። ብዙዎቹ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም አላቸው፤ የእኛ ኩላሊት ደግሞ እነዚህን ማስወጣት አይችልም።

ማሳከኩ በአንድ ጊዜ አልለቀቀኝም፤ ሁለት ወር ግድም ፈጀ። የዚህ ወር ፎስፈረሴ 5.1 ነው። እናቴ ቅባት መግዛቷን ትታለች፤ ክኒኖቼን በስኒ ማስቀመጫ አድርጋ ከመሶቡ አጠገብ ታኖራለች፣ እነርሱ ሳይቀርቡም እንጀራው አይቆረስም።

ባለፈው ማክሰኞ አዲስ የገባ ወጣት ከጎኔ አልጋ ላይ ተኛ። መድኃኒቱን ከቦርሳው ሲያወጣ ከረጢቱን አየሁት፤ «በቀን 3 ጊዜ» ይላል። ከሲስተሯ እስክሪብቶ ተቀብዬ ሰጠሁትና «ከምግብ ጋር» የሚለውን በገዛ እጁ ጨመረበት።