ውል አልፈረመችም፣ ሠራተኛ ግን ነበረች

ሒሳብ በምይዝበት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ላይ የምትሠራ ባልደረባ ነበረችን። ጠዋት በሩን የምትከፍተው እሷ ናት፤ ማታ የወረቀት መቁረጫውን አጥፍታ፣ ቁርጥራጩን ጠርጋ የምትዘጋውም እሷው። ለዓመታት እንዲህ ስትሠራ የተጻፈ ውል አልነበራትም። ማናችንም አልነበረንም። ወረቀት በተነሣ ቁጥር ባለቤቱ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ይሉ ነበር።

አንድ ወር ሥራ በዝቶ በተደጋጋሚ አመሸን። ደመወዝ ሲከፈል የትርፍ ሰዓቷን ጠየቀች። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ቁልፉን እንድትመልስ አዘዟት።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምንም አላጠፋሽም። ሥራ ቀንሷል፤ ከነገ ጀምሮ አትምጪ።"

ሥራ አለመቀነሱን የትዕዛዝ መዝገቡን የምይዘው እኔ አውቃለሁ። በእሷ ቦታም ወዲያው ሌላ ልጅ ገባ።

"ውል የለኝም፣ ምን ይዤ እከሳለሁ?" አለችኝ። ስንቱ ሠራተኛ መብቱን ጥሎ የሚሄደው ይህን ብሎ ነው! በብዙ አገር ሕግ ግን የቃል ውልም ውል ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198ም ዋናው መታየት ያለበት በተግባር የነበረው ነገር ነው ይላል፦ ሥራውን ማን ያዛል? ሰዓቱንና ቦታውን ማን ይወስናል? መሣሪያው የማን ነው? ክፍያውስ በየጊዜው የሚመጣ ነው ወይ?

ባዶ እጄን ነኝ ያለችው ልጅ ስልኳ በማስረጃ የተሞላ ነበር። "ነገ ማልደሽ ክፈቺ፣ ደንበኛ ይመጣል" የሚል የባለቤቱ መልእክት አለ። እሷ ፈርማ ያስረከበቻቸው ሥራዎች ፎቶ አለ። ከሁሉም የበለጠው የባንክ መግለጫዋ ነው፤ በየወሩ መጨረሻ ገንዘብ ገብቷል፣ ምክንያቱ ላይ ባለቤቱ ራሳቸው "ደመወዝ" ብለው ጽፈዋል።

ይህን ሲሰሙ የመጨረሻ ወር ክፍያዋን ከአንድ ወረቀት ጋር አቀረቡላት። ወረቀቱ "ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" ይላል። እንዳትፈርም አጥብቄ ነገርኳት። የሠራችበት ደመወዝ የላቧ ዋጋ ነው፤ ሌላ መብቷን የምትሸጥበት መያዣ ሊሆን አይገባም።

ጉዳዩ ወደ ሥራ ክርክር አስማሚ ሄዶ ፊቱ ስንቀርብ ባለቤቱ "አልፎ አልፎ እየመጣች ታግዘን ነበር እንጂ ሠራተኛ አይደለችም" አሉ።

"ታዲያ የበሩ ቁልፍ እሷ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር?" አለ አስማሚው።

መልስ አልነበራቸውም። ቀጥለው ደግሞ ሥራ ታበላሽ ነበር አሉ። መጀመሪያ ሥራ ቀንሷል፣ ቀጥሎ ሠራተኛ አይደለችም፣ አሁን ደግሞ ጥፋተኛ! ያው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158 ስንብት በቂ ምክንያት እንዲኖረው፣ በጥፋት የሚሰናበት ሰውም አስቀድሞ መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ይጠይቃል። የማስረዳት ሸክሙ በሠራተኛው ላይ ብቻ እንዲወድቅም አይፈቅድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ አገር ከአገር ይለያያል። ያው ስምምነት የድርጅቱን መጠን አይተው አንዳንድ ሠራተኞችን ከጥበቃው እንዲያስቀሩ ለመንግሥታት ይፈቅዳል። ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ አጠቃላዩ የስንብት ጥበቃ እስከ 10 ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች በአብዛኛው አይነካም፤ ሆኖም ውሉ የቃል ቢሆንም እንኳ በቃል ብቻ የተነገረ ስንብት እዚያ አይጸናም። በጽሑፍ የተሰናበተ ሠራተኛ ደግሞ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 3 ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ የተባረረ ሰው አኩርፎ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። በዚያው ሳምንት ስንት ቀን እንዳለው ይጠይቅ።

ባልደረባችን ወደ ሥራው መመለስ አልፈለገችም። የትርፍ ሰዓቷን፣ ያልወሰደችውን የዓመት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያዋን በስምምነት ተቀበለች፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ተጻፈላት። እኔ ምስክርነት በመስጠቴ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ አኮረፉኝ። የቀረነው ግን ተሰብስበን ሥራችን፣ ደመወዛችን፣ ሰዓታችንና የማስጠንቀቂያ ጊዜው በጽሑፍ ይሰጠን አልን። እያንገራገሩም ቢሆን ፈረሙልን።