የባላንስ እርሳስ ቸርኬዬን በላው

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥምቀት ጎንደር ልሄድ ስል ነው። መኪናዋ 90 ላይ ስትደርስ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበርና እዚሁ ባህር ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት ገብቼ ባላንስ አሰራኋት፣ ልጁ ጎማውን ማሽን ላይ አዙሮ ጎማው ሲዞር እንዲመጣጠን የሚያደርገውን ትንሽ ክብደት፣ እርሳስ የምንለውን፣ ጥፍር ያለውን አመጣና በመዶሻ ቀጥ ቀጥ አድርጎ የአሎይ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ተከለው። ቀለሙን አይልጠውም ወይ ስለው «ጋሼ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሰራው» አለኝ። መንቀጥቀጡ ጠፋ፣ ሄጄ መጣሁ፣ ረሳሁት።

ክረምቱ ሲወጣ የፊት ግራ ጎማ በየሦስት ቀኑ መተንፈስ ጀመረ። ሚስማር ነው ብለን ስንፈልግ የለም፣ ቫልቩን ቀየርን አሁንም ያው። በመጨረሻ የሳሙና ውሃ ስናፈስበት አረፋው የወጣው ጎማውና ቸርኬው ከሚገናኙበት ጠርዝ ነው፣ ልክ እርሳሱ ከተተከለበት ጋ። እርሳሱ ሲነሳ ከስሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር፣ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ተነስቶ እንደ ትል መንገድ መስመር መስመር እየሰራ ወደ ውስጥ ገብቷል። በጣም ነው ያዘንኩት፣ እነዛን ቸርኬዎች ስንት ወር ቆጥቤ እንደገዛኋቸው የማውቀው እኔ ነኝ።

አሎይ ማለት አሉሚኒየም ነው፣ ከእርጥበት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ ቀለምና ክሊር ነው። የእርሳሱ ጥፍር ደግሞ ብረት ስለሆነ በመዶሻ ሲመታ ያንን ሽፋን ይቦጭረዋል፣ ከዛ የኛ የክረምት ጭቃና ውሃ ስሩ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሁለት የተለያየ ብረት እርጥበት ላይ ሲነካካ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ዝገቱ የጎማው ከንፈር የሚያርፍበት ጋ ከደረሰ አየር መያዝ ያቅተዋል።

ስለዚህ ወንድም ዓለም፣ ባላንስ ከማሰራትህ በፊት ተለጣፊው አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ከጀርባው ሙጫ ያለው፣ አብዛኛው ባለ 5 ግራም ቁራጭ እየሆነ የሚመጣው ነው፣ ቸርኬው ሆድ ውስጥ ስለሚለጠፍ ከውጭ አይታይም። ማሽኑም ለአሎይ የሚሆን የራሱ ምርጫ አለው፣ ካልተቀየረ የሚያሰላው ለጠርዝ ስለሆነ ልኩ አይመጣም። የሚለጠፍበት ቦታ አሮጌው ሙጫ ተነስቶ በአልኮል ተጠርጎ መድረቅ አለበት፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ጭቃ ላይ የተለጠፈ እርሳስ የጢስ ዓባይን መንገድ አይችልም። ጎማው ከታሰረ በኋላ በእጅ አዙራችሁ ፍሬኑን እንደማይነካ እዩ፣ ላቫጆም ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ሲነሳ ደግሞ በካቻቪቴ መፈልቀቅ የለም፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጋችሁ በፕላስቲክ ነገር ግፉት።

ተለጣፊ ከጠፋ ቢያንስ ለአሎይ የተሰራ ጥፍር ያለውና ሽፋን የተቀባው ይሁን፣ የተራ ብረት ቸርኬ ጥፍር አሎይ ላይ በደንብ አይቀመጥም። አውሮፓ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ራሱ መርዝ ነው ተብሎ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመኪና ባላንስ ታግዷል፣ አሁን የሚሰሩት ከዚንክና ከብረት ነው፣ ሽፋን የሌለው ብረት ግን ራሱም ዝጎ ቸርኬው ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል።

የኔን ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ማዶ ያለ ጎሚስታ ጋ ጎማውን አስወልቄ ነጩን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ንጹህ ብረት እስኪወጣ ፈገፈግነው፣ በአልኮል ጠረግነው፣ ከውጭ በኩል መሰረት ቀለም፣ ቀለም፣ ከዛ ክሊር ረጨንበት። የጎማው ከንፈር የሚያርፍበትን ግን አለስልሰን ብቻ ተውነው፣ እዛ ላይ ቀለም ከወፈረ ጎማው በደንብ አይገጥምም። ይኸው ወር ከአስራ አምስት ቀን ሆነው፣ አየር አልጨመርኩበትም። ሦስቱ ቸርኬዎች ላይ ጥፍሮቹ አሁንም አሉ፣ ቅዳሜ አስነስቼ ስራቸውን አያለሁ።