ግማሽ ሚሊ ወይስ አንድ ሚሊ?

የመኪናና የታንክ ትንንሽ ሞዴል ከፕላስቲክ ሉህ ከባዶ ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚያመነታኝ የፕላስቲኩ ውፍረት ነው። ዛሬም የጭነት መኪናዋን ከመጀመሬ በፊት ሉሆቹን ሳገላብጥ አመሸሁ። ሩብ ሚሊ፣ ግማሽ ሚሊ፣ አንድ ሚሊ፣ አንድ ተኩል። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ። አንዳንዱ እሽግ ላይ ደግሞ ልኩ በሺኛ ኢንች ነው የተጻፈው፤ 40 የሚለው አንድ ሚሊ ገደማ፣ 20 የሚለው ግማሽ ሚሊ ገደማ ነው።

ብዙ ሰው «የቱ ይጠነክራል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ ጠርዙን ነው የማየው። የተቆረጠው ጠርዝ የሚታይ ከሆነ ውፍረቱን የሚወስነው ስኬሉ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ነው። 1፡72 ላይ አንድ ሚሊ ማለት በእውነተኛው ዕቃ 7.2 ሴንቲ ሜትር ነው። የባንክ ካዝና ካልሆነ እንዲህ ያለ በር የት ይገኛል? ግማሽ ሚሊው 3.6 ሴንቲ ይሆናል፤ ለጣውላ ጎን ግን ደህና ነው። ታንክ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የቲ-34 የጎን ብረት 45 ሚሊ ነው፤ 1፡35 ላይ 1.3 ሚሊ ገደማ ይመጣል። እዚያ ቀጭን ሉህ ያሳፍራል።

ጠርዙ ካልታየ ሌላ ጨዋታ ነው። ለወለልና ለውስጥ ደጋፊ አንድ ሚሊ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ እጅ ማድከም ነው። በካተር ሁለት ሦስቴ ቀለል አድርጌ እጭረዋለሁ፣ ከጭረቱ ተቃራኒ ሳጥፈው «ቀጭ» ብሎ ይለያል። ጭረቱ ዳር ላይ ግን በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ከፍታ ይቀራል። የካተሩን ስለት ቀጥ አድርጎ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ ሁለት ሉህ ሲለጠፍ በደንብ አይገጥምም።

ቀጭኑ ላይ የሚያስፈራኝ ማጣበቂያው ነው። ፈሳሹ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው። ሩብ ሚሊ ላይ ከበዛ ሉሁ ይለሰልሳል፣ ውሎ አድሮም ይሰረጉዳል። ስለዚህ ከጀርባው ደጋፊ፣ ማጣበቂያው በብሩሽ ጫፍ ብቻ። ዙሪያው ዝግ የሆነ ሳጥን ከሆነ ትነቱ እንዲወጣ ከታች ቀዳዳ እተዋለሁ።

በመጨረሻ ወለሉን አንድ ሚሊ፣ የጭነቱን ጎን ግማሽ ሚሊ አልኩ። የጋቢናው በርም ግማሽ ሚሊ ይሁን፤ ዳሩን ከውስጥ በኩል ገደድ አድርጌ ስፍቀው ከውጭ ቀጭን ይመስላል። ፓራፋንጎው ብቻ ሩብ ሚሊ ይሆናል፤ ዘንግ ላይ ጠምጥሜ የፈላ ውሃ ውስጥ ከነከርኩት ቅርጹን ይይዛል።