እንግዳ ይመጣል ሲባል

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግሬ ልገላገል።

ሐዋሳ ውስጥ የሐይቅ ደለል የሚጠናበት አንድ ቦታ እሠራለሁ። የቦታው ስም ይቆየን። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ኮንስትራክሽን ላይ ነበርኩ። አፈር እመረምራለሁ፣ እጠቀጥቃለሁ፣ ወለል ሲፈስ ቆሜ አያለሁ። ሥራ ስቀይር አንድ አመል ይዤ መጣሁ። ወጣ ገባ ወለል ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ሰው ቤት ቡና ተጠርቼ እንኳ ዓይኔ የሚሄደው ሴራሚኩ ላይ ነው። ውሃ ልክ የምትባለዋ መሣሪያ ዛሬም ከቦርሳዬ አትጠፋም።

አሁን የምሠራው ይህን ይመስላል። ሁለት ረጃጅም የመስታወት ቦዮች አሉን። ሁለት ሰው ተከታትሎ ቢተኛባቸው ይበቃሉ። ታች ከሐይቁ ዳር የመጣ ደለል ይነጠፋል። ከላይ ውሃ ይሞላል። ፓምፑ ውሃውን ከጫፍ ጫፍ ያዞረዋል። ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመርን ደለሉ መቼ ከወለሉ መነሳት እንደሚጀምር እናያለን። ውሃው ሲደፈርስ መለኪያው ቁጥሩን ይሰጠናል።

ለምን ይህን እንደምናጠና ለማወቅ ክረምት ላይ ወደ ሐይቁ የሚገባውን የጥቁር ውሃ ወንዝ ማየት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከእርሻውና ከተራራው ታጥቦ የገባ አፈር መሄጃ የለውም፣ እዚያው ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ጭቃ እንደገና ይቦካል። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ጠዋትና ከሰዓት የውሃው ቀለም አንድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለ ደለሉ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ዙሪያችን የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ኮርቤቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። መጀመሪያ ቦዩን ስንሞላ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከደለሉ ተለይቶ ተነሳና እንደ ፈንዲሻ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። በወንፊት ስንለቅም ዋልን።

ከሁለቱ ቦዮች በአንዱ ውስጥ ሃያ አራት ዛጎሎች ነበሩ። ዛጎል ስል ለጌጥ የሚሆነውን ባዶ ቅርፊት አይደለም። ከነነፍሱ ያለውን ነው። እንግሊዝኛው መስል ይለዋል፤ እኛ ቤተ ሙከራችን (ላብ) ውስጥ ዛጎል ብለን ተግባብተናል። ከአንድ ወንዝ ተለቅመው በባልዲ የመጡ ናቸው። ሁለት ክፋይ ቅርፊት አለው፣ በመሐል ለስላሳ ሥጋ። ከፊት በኩል እንደ ምላስ ያለ እግር ብቅ ያደርግና ደለሉ ውስጥ ይሰነቅረዋል። ከዚያ ራሱን ወደ ታች ይጎትታል። የኋላው ጫፍ ብቻ ከላይ ይቀራል። በዚያ በኩል ውሃ ይስባል፣ የሚበላውን ያጣራል፣ የቀረውን ውሃ ይተፋል። አንዱ ብቻውን በቀን በአስር የሚቆጠር ሊትር ሊያጣራ ይችላል። ያልፈለገውን ጭቃ ደግሞ በልፋጭ ጠቅልሎ አጠገቡ ይጥለዋል። መጀመሪያ ሳየው ኩስ መሰለኝ። እንዲያውም ከፊሉ ኩስ ነው።

ሌላኛው ቦይ ያለ ዛጎል ነው፣ ለማነጻጸሪያ። የቡድናችን መሪ ዶክተሯ «ሦስት ሳምንት አትንኩት፤ የጎደለ ውሃ ብቻ ሙላ» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እንግዳ ይመጣል ሲባል የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ግቢው ተጠረገ። ያልነበረ አበባ በድስት መጣ። የተበላሸችው ወንበር መጋዘን ገባች። እኔም ማታ ብቻዬን ቀርቼ ቦዮቼን አየሁ።

ዛጎል የሌለበት ቦይ ቀጥ ያለ፣ ደስ የሚል ነው። ዛጎል ያለበት ግን የገበያ ማግስት ይመስላል። እዚህ ጉብታ፣ እዚያ ጎድጓዳ። ዛጎሎቹ ሲንቀሳቀሱ የተዉት መስመር ፍየል የጎተተችው ገመድ ይመስል ይጠማዘዛል። ከላይ ቡናማና አረንጓዴ የሆነ ስስ ነገር ለብሷል። በየቦታው የልፋጭ ክምር አለ።

ነገ ሰው ይህን ሊያይ ነው? ፓምፑን አጠፋሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ ነቅዬ ባልዲ ውስጥ አደረግኳቸው። ያንን ስስ ልባስ ገፈፍኩ። ክምሩን በጨርቅ አጥልዬ ጣልኩ። ደለሉን በጠፍጣፋ እንጨት ለሰንኩት። አዎ፣ ውሃ ልክም አስቀምጬበታለሁ። ዛጎሎቹን በጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። ከዚያ በአራት መደዳ፣ ስድስት ስድስት አድርጌ፣ እንደ ጎመን ችግኝ ተከልኳቸው። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩ። አውራ ጣት ዘነበልኝ። አንዷ «አቤት ጥራት!» አለች።

እንግዶቹ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ዶክተሯ እነሱን ይዛ ከሌላ ስብሰባ በቀጥታ ስለመጣች ቦዩን ቀድማ አላየችውም። ፓምፖቹ በእኩል ተነሱ። ገና በመጀመሪያው ፍጥነት፣ ውሃው ቅጠል በማይገፋበት፣ የዛጎሎቹ ቦይ መደፈረስ ጀመረ። በሁለተኛው ፍጥነት ቡና በወተት ሆነ። ያኛው ቦይ መስታወት እንደሆነ ቆመ። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ሲሮጥ አያለሁ። ሆዴ ባር ባር አለው።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረጉ ሰውዬ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህማ ተባዮች ናቸው። ወለሉን ሙልጭ አድርገው ፈቱት» አሉ። ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ዶክተሯ ቅንድቧን ሰብስባ ቦዩን ታያለች እንጂ መልስ አልሰጠችም። እኔ ደግሞ መጥረጊያ ጨርቅ ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍም ያሳፍረኛል። ነገሩ በራሱ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አይደል የሚባለው።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ጠራችኝ። ስልኳ ላይ ያ ቴሌግራም የለቀቅኩት ፎቶ ተከፍቷል።

«ይህን መቼ ነው ያነሳኸው?»

«እንግዶቹ ሊመጡ ማታ፣ ዶክተር።»

«አንተ ነህ የተከልካቸው?»

«አዎ። ትንሽ ላስተካክል ብዬ...»

ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። «እስቲ ጎመን ሥሩን ወደ ላይ አድርገህ ተክለህ ታውቃለህ?»

ገለበጥኳቸው ለካ። ጉብ ያለችው የቅርፊቱ አናት የምትቀርበው ወደ ፊተኛው ጫፍ ነው። እግሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፣ ወደ ታች የሚቀበረውም እሱ። እኔ ያንን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ መተንፈሻቸውን ጭቃ ውስጥ ደፍኜዋለሁ። ስለዚህ ሌሊቱን ምን አደረጉ? ሃያ አራት እንስሳ ራሱን ሊያቃና ሲገላበጥ አደረ። እንደ በሬ ሲያርሱልኝ አድረዋል። ጠዋት ላይ ከላይ ደህና ይመስል ነበር፤ ወለሉ ግን ውስጡ ገንፎ ሆኗል።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ቦዩ ጋ ወስዳ «ያነሳኸውን ሁሉ ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ልባሱን። ክምሩን። መለሰኑን። ጥርስ ብሩሹ ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

ያ ስስ ልባስ ቆሻሻ አልነበረም። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ያደሩት ድር ነው። በሚያወጡት ልፋጭ ደቃቁን አሸዋና ጭቃ እርስ በርስ ያጣብቁታል። ዛጎሎቹ የሚጥሉት ክምርም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይሄድ የነበረውን ብናኝ ወደ ወለሉ ያወርዱታል፣ በልፋጭ አስረው። በዚያ ላይ ለነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት ቀለብ ይሆናል። ሦስት ሳምንት የጠበቅነው ይህ ሁሉ እንዲሠራ ነው። ጭቃውም እንዲተኛ። ጭቃ ሲቆይ በራሱ ክብደት ይጨመቃል፣ በመሐሉ ያለው ውሃ እየወጣ ይጠብቃል። አዲስ የተነካካ ጭቃ ግን ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ነው፤ ትንሽ ሞገድ ይበቃዋል።

በጣም ያንገበገበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ይህንንማ አውቀዋለሁ! አፈር ላብ ውስጥ ስድስት ዓመት የበላሁበት እንጀራ ነው። «ያልተነካ ናሙና» የሚባል ነገር አለን። ከጉድጓድ ሲወጣ በሰም ይታሸጋል፣ እንደ እንቁላል ይያዛል፣ መኪና ላይ በፍራሽ ተደግፎ ይሄዳል። አንድ የቀን ሠራተኛ ናሙና ጥሎብኝ ያወረድኩበት የስድብ መዓት ትዝ አለኝ። አሁን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ብል የት አገኘዋለሁ?

ለእንግዳው ማን ይንገራቸው? «አንተ ደውል» አለችኝ። ደወልኩ። ላብ በላብ ሆኜ አስረዳሁ። ሰውዬው ዝም ብለው አዳመጡና ሳቁ። «እንዲህ ከሆነ፣ እነዚህ ደለል የሚይዙልን ከሆነ፣ ብዙ አስመጥተን ሐይቁ ውስጥ እንጨምራቸዋ!» አሉ። በአንድ ሳምንት ከተባይ ወደ መድኃኒት! ስልኩን ለዶክተሯ ሰጠሁ። እሷም የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ታሪክ ጀመረችላቸው። ባለ መስመር ቅርፊት ያለው ትንሽ ዛጎል፣ አገሩ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን አካባቢ የሆነ፣ መርከብ ለሚዛን በሚጭነው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሄዶ በ1988 እዚያ ተገኘ። የኛዎቹ ሲያድጉ ልቅ ሆነው ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ። ያኛው ግን ክር እየፈተለ በጠንካራ ነገር ላይ ይጣበቃል። ውሃውን አጠራው፣ እውነት ነው። የውሃ ቱቦዎችን ደፈነ፣ የአገሬውን ዛጎሎች ደግሞ ጀርባቸው ላይ እየተከመረ ጨረሳቸው። «ከሌላ ቦታ አምጥቶ ሐይቅ ውስጥ መጨመር የሚባለውን እርሱት» አለች። የኛ ሃያ አራቱም ከቦዩ ወጥተው ሐይቅ አያዩም።

ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርነው። በዚህኛው ዙር አራት ሳምንት ተሰጠው። ዛጎሎቹን በትክክለኛው ጫፋቸው አስቀመጥኳቸው። እያንዳንዳቸው ላይ በኩቴክስ ቁጥር ጻፍኩ። እጄ ቦዩ ውስጥ የገባው ለዚያ ብቻ ነው።

ፓምፑ ሲነሳ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። በዝግታው ፍጥነት የዛጎሎቹ ቦይ አሁንም ትንሽ ጭጋግ አለው። ይህ ገረመኝ። ለካ የሽበታሙ እንግዳ አባባል ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ሲንቀሳቀሱ ወለሉን ያላሉታል፣ ሲተፉም ብናኝ ያስነሳሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያለ ዛጎሉ ቦይ መጀመሪያ አሸዋው ተጨማደደ፣ ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ተነስቶ ሄደ። ዛጎሎቹ ተጠጋግተው በቆሙበት ግን ውሃው ከአናታቸው በላይ እየተንሸራተተ አለፈ። በመሐላቸው ያለው ደለል ንቅንቅ አላለም።

በሌላ ቀን ደግሞ ዶክተሯ አሥራ ስምንቱን አውጥታ ስድስቱን አራርቃ ተወቻቸው። አሁን በእያንዳንዱ ሥር ጉድጓድ ተቆፈረ፣ በማንኪያ የተጨለፈ የሚመስል። ሐይቅ ዳር በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ሞገዱ ሲመለስ ከተረከዝህ ሥር አሸዋውን ይልሰዋል። ብቻውን የቆመ ዛጎልም እንደዚያ ነው። ስለዚህ «ዛጎል ወለል ያጸናል ወይስ ይፈታል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ስንት ናቸው፣ ውሃው ምን ያህል ይሮጣል፣ ጭቃው የምን ጭቃ ነው ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ሰው በዚህ መልስ አይደሰትም። ባለቤቴ እንኳ አልተደሰተችም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና እንግዳ ይመጣል ተባለ። አበባው በድስት ተመልሶ መጣ። ጽዳት የምትሠራዋ እትዬ ቦዩን አይታ «ኧረ ልጄ፣ ይህን ነገር ትንሽ ብታጸዳው ምናለ?» አለችኝ። ጨርቅ ተቀብያት መስታወቱን በውጭ በኩል ወለወልኩ። ከውስጥ፣ ልክ እንግዶቹ በሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ሰባት ቁጥር ሌሊቱን ተጉዞ መጥቶ ቆሟል። ከኋላው የተጣመመ መስመር፣ አጠገቡ የልፋጭ ክምር። ማስመሪያ ከውጭ ለጥፌ መስመሩን ለካሁትና መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር።