2 ተኩል ሲጠጋጋ ስንት ነው?

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዋጋ የምታጠጋጋ ትንሽ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ) ጻፍኩ። አራት መስመር ናት። ለዚች ደግሞ የምን ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) ብዬ ልተዋት ነበር። እስቲ እጄን ላፍታታ ብዬ ዩኒትቴስት በተባለው የፓይተን መፈተሻ ሦስት ቴስት ጻፍኩ። ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛው ወደቀ፦ 2.5 ስሰጠው 3 ስጠብቅ፣ 2 ብሎኝ ቁጭ አለ። ደጋግሜ አስኬድኩት። ያው 2! ለካ ራውንድ የተባለው የፓይተን ማጠጋጊያ፣ ቁጥሩ እኩል መሃል ላይ ሲሆን ወደ ተጋማሹ (ለሁለት እኩል ወደሚካፈለው) ቁጥር ነው የሚያጠጋጋው። 3.5 ግን 4 ይሆናል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠቀምበት ልብ አላልኩም።

ሌላም ጉድ አለ። የወደቀውን አስተካክዬ አራተኛ ቴስት ጨመርኩ፤ ሁሉም አለፈ አለኝ። ደስታዬ አልቆየም፤ ስሙን «ቼክ» ብዬ ጀምሬው ኖሮ ጭራሽ አልሮጠም። ዩኒትቴስት ስሙ በ«ቴስት» ያልጀመረውን ፈንክሽን ዞር ብሎም አያየው። አሁን አዲስ ቴስት ስጽፍ፣ በእርግጥ መሮጡን ለማየት መጀመሪያ ሆን ብዬ አስወድቀዋለሁ።