ታይፕ የሚመታው ገጽ

የአክስቴ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት በ1985 ዓ.ም. የተከፈተው በአንዲት ታይፕ ነው። ድረ ገጽ ልሥራልዎ ስላቸው፣ ከላይ ያለው ጽሑፍ ልክ በታይፕ እንደሚመታ ፊደል በፊደል ብቅ ቢል ያምራል ብዬ አሰብኩ። የአንድ ምሽት ሥራ መስሎኝ ነበር። አንድ ሳምንት በላኝ።

መጀመሪያ የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ ብቻ ሞከርኩ። ዘዴው የታወቀ ነው። ጽሑፉን ወርዱ ዜሮ የሆነ ሳጥን ውስጥ ትደብቃለህ፤ ከዚያ ሳጥኑን በአንድ ፊደል ልክ ደረጃ በደረጃ ትከፍተዋለህ። የሚለካው ሲኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ እሱም የ0 አኃዝ ወርድ ነው። እንደ ኩሪየር ባለ ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ወርድ ባላቸው ፎንት ለእንግሊዝኛ ቆንጆ ይሠራል። ኩሪየር ግን የኛን ፊደል አያውቅም። ስለዚህ ብሮውዘሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ዊንዶውስ ላይ ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ። እዚያ ደግሞ ነ ቀጭን ናት፣ ጨ ሰፊ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት አንዱ ፊደል ግማሽ ጎኑ ተቆርጦ ይታያል፣ ሌላው ቀድሞ ይወጣል። ተውኩት።

ድረ ገጽ ላይ ያለውን ወደሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ወደ ጃቫስክሪፕት፣ ዞርኩ። ጽሑፉን ወስደህ በየ140 ሚሊሰከንዱ አንድ ፊደል ትጨምራለህ። በቃ። አሥር መስመር አይሞላም። ደስ ብሎኝ ለአክስቴ አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ታይፕ አይደለም። ላ ሙሉውን ከየት መጣ?»

ነገሩ ገባኝ። በአማርኛ ታይፕ ፊደሉን ትመታለህ፣ ከዚያ ምልክቱን ለብቻው ትቀጥልበታለህ። ከ200 በላይ ፊደል በጥቂት ቁልፍ አይገባማ። በአማርኛ ታይፕ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩም የተፋለሙት ከዚሁ ጋር ነው። ዛሬም ኮምፒውተር ላይ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እንደ ድምፃቸው ስንጽፍ ያው ነው። መጀመሪያ ስ ይመጣል፤ አናባቢውን ስንነካ ሰ ይሆናል። «ሰላም» ለማለት አምስት ጊዜ እንነካለን፦ ስ፣ ሰ፣ ል፣ ላ፣ ም። የኔ ገጽ ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የሚመታው። አማርኛ የሚጽፍ ፈረንጅ ሠርቼ ኖሯል!

እናም እያንዳንዱ ፊደል በሳድሱ ይጀምር አልኩ። ለየፊደሉ ሰንጠረዥ ልጽፍ ስል ዩኒኮድ አዳነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት ነው። እዚያ እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ ተሰልፏል፤ ሳድሱ ሁሌ ከመጀመሪያው 5 ይርቃል። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 ታካፍላለህ፣ ቀሪውን ትቀንሳለህ፣ 5 ትደምራለህ። ላ 4619 ነው። ለ8 ሲካፈል 3 ይቀራል። 4616 ላይ 5 ስትደምር 4621፣ ማለትም ል። ሳየው ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ዞርኩ፤ አልዋሽም።

ደስታዬ ግን ገጹን እስክከፍት ነበር። በየቃሉ መሃል % ብልጭ ይላል። ቫይረስ መሰለኝ። ለካ ባዶ ቦታም ቁጥር አለው፤ 32። 5 ሲደመርበት 37 ይሆናል፣ እሱም የፐርሰንት ምልክት ነው። አራት ነጥቡ ደግሞ መጀመሪያ ፥ ሆኖ ይመጣና ይስተካከላል። «1985» የሚለው ውስጥ 1 ቦታ 5፣ 9ና 8 ቦታ = ብልጭ ይል ነበር። ስሌቱ ከ4608 እስከ 4951 ባሉት ላይ ብቻ እንዲሠራ ስገድበው ሁሉም ጠፋ።

የቀረው ቋ ነበር። «የዐረብኛና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትርጉም እንሠራለን» የሚለው ውስጥ ቋ በቍ ይጀምራል። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም። ቋ የራሱ የስምንት ቤት ስላለው ነው፤ የቀ ቤት ግን ልክ ከሱ በፊት ነው። ለቋ፣ ለኋ፣ ለኳ እና ለጓ ተጨማሪ 8 ቀነስኩ፤ ቅ መጣ።

ሌላው ጥቃቅን ነው፤ ግን አትዝለሉት። ጽሑፉ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይዘላል፤ ስልክ ላይ በጣም ያናድዳል። ሙሉውን ጽሑፍ በማይታይ ቀለም ቀድሜ አስቀምጬ ቦታውን እንዲይዝ አደረግኩ፤ የሚመታው በላዩ ላይ ይሄዳል። ስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰውም ያንን ሙሉውን ይሰማል፤ የሚመታው ከሱ ተደብቋል። ስልኩ ላይ እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ ብሎ ለመረጠ ሰው ደግሞ ጽሑፉ ወዲያው ይወጣለታል።

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩ። ቋ ላይ ሲደርስ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

«አሁን ታይፕ ነው» አሉ። «ግን ቀርፋፋ ነው። በኛ ጊዜ እንዲህ የሚመታ ሰው አይቀጠርም ነበር።»

140ውን ወደ 90 አወረድኩት።