ጋይሮኮፕተር በውብ ፎቶግራፍ አይሸጥም

ባለሁለት መቀመጫ ጋይሮኮፕተር፣ ማለትም ከላይ በአየር የሚሽከረከር ክንፍ (ሮተር) ያላት ትንሽ አውሮፕላን፣ ለመሸጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። አምራቾች የሚልኩት የማስታወቂያ መመሪያ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶግራፍና ስለ ነፃነት የተጻፈ መፈክር ነው። አድናቂ ያመጣል፤ ገዢ ግን አያመጣም። ገዢው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ጥያቄውም «ሞተሩ ቢጠፋስ?» ነው።

ስለዚህ መመሪያውን ወደ ጎን ትቼ ያለ ሙዚቃና ያለ ቆረጣ አንድ ቪዲዮ ቀረጽሁ። አብራሪው ከፍታ ላይ ሆኖ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው ዙር ያወርዳል። በበረራ ላይ ሮተሩን የሚያሽከረክረው ሞተሩ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው አየር ስለሆነ መሽከርከሩን ይቀጥላል። መሬት ሲቃረብ አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ ጥቂት ተንከባልላ ትቆማለች። ተሳፋሪው ጉልበቱን ጨብጦ የተቀመጠበትን ክፍል አላወጣሁትም። «አትወድቅም» ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ ውሸት ነው። መሪ ዘንጉ በኃይል ወደ ፊት ተገፍቶ ሮተሩ የሚሸከመውን ክብደት ካጣ አደጋው ከባድ ነው። ይህንንም ጻፍሁ፤ አምራቹ ተቆጣ፣ የሚደውልልኝ ሰው ግን በረከተ።

ያንገበገበኝ የሙከራ በረራው ነው። ስፔናዊው ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ እ.ኤ.አ. በ1928 የጋይሮኮፕተር ቀዳሚ በሆነችው አውቶጋይሮው የእንግሊዝን ሰርጥ ሲሻገር ጋዜጠኛ ይዞ ነበር፤ ተቀምጦ ያየ ሰው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። እኔም «ከፍላችሁ ብረሩ፣ ከገዛችሁ ከዋጋው ይቀነሳል» ብዬ አወጣሁ። የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በክፍያ ሰው ማጓጓዝ ነው ብሎ አገደው። የግል አብራሪ በክፍያ እንዳያበር የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ውል፣ የቺካጎ ስምምነት፣ አባሪ 1 ይከለክላል፤ እሺ። የእኛ አብራሪ ግን ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ ነበር! አንዱ ኃላፊ ዋጋውን ሰርዝ አለ። ስሰርዝ ሌላው ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ ያሳስታል አለ። ሦስተኛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላከኝ፤ እነርሱም አውሮፕላን አይመለከተንም ብለው መለሱኝ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! ደጅ ስጠና ለበረራ የሚመቸው ወቅት አለፈ።

መፍትሔው መሳቢያቸው ውስጥ ነበር። በረራው ሥልጠና ከሆነ፣ ማለትም አሰልጣኙ ከመነሣት በፊት ገለጻ ከሰጠ፣ እንግዳው መሪውን ከያዘና ሰዓቱ በሥልጠና መዝገብ ከሰፈረ፣ ክፍያው ችግር የለውም። ይህንን ከሦስቱ አንዱም አልነገረኝም፤ አንዲት ጸሐፊ ናት ደንቡን አውጥታ ያሳየችኝ። አገሩ ሁሉ የየራሱ ደንብ አለውና እናንተም ከማስታወቂያው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል መልስ በማግስቱ ይካዳል።

ዋጋውን መልሼ ጽፌዋለሁ፤ የማቆሚያ ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱንና የሰዓት ነዳጁንም ጨምሬ። አሁን የሚደውሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚደውሉት ግን ከትዳር ጓደኛቸው ጋር ተማክረው የጨረሱ ናቸው።